ጥቁር ወይስ ነጭ?

ቂርቆስ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ የሚኒባስ ሾፌር ቆሟል። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ይዞ ይጠብቀዋል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ፓራውልቱና ስፖኪዮው ጥቁር ይሁን ወይስ ነጭ?

ተራ ጥያቄ ይመስላል። ግን ባለታክሲ የሚመርጠው ስንት ነገር አለ? የመኪናው አካል ሰማያዊና ነጭ መሆኑ አስቀድሞ ተወስኗል። ታሪፉም ከላይ ነው የሚመጣው። ስሙን ከጣሊያን ወረራ ዘመን የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች የወረሰው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ጠዋት ጠዋት የሚጭናቸው ደንበኞቹ ከሰፈሩ ጋር ተበተኑ። እሱን ያማከረው የለም።

ረዳቱ "ጥቁር ይሁን" ይላል። ያምራል፣ ጭረትና የክረምት ጭቃ ይደብቃል። ሾፌሩ ግን ብዙ ዓመት ነድቷል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ፀሐይ ለጥቁር ፕላስቲክ አታዝንም፤ ውሎ አድሮ አመድ ታስመስለዋለች። ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል። ግን መብራት በጠፋ ምሽት መንገድ የሚያቋርጥ ሰው ነጩን ቀድሞ ያያል።

"ነጭ አድርገው" አለ በመጨረሻ። "ቢቆሽሽ አጥበዋለሁ።"

ምርጫው ትክክል ይሁን አይሁን፣ የሚነዳው እሱ ነው፤ የሚያጥበውም እሱ ነው። ከተማ ይዋብ፣ መንገድ ይስፋ፤ ይህን የሚጠላ የለም። ነገር ግን ቀለም ቀቢ እንኳ ብሩሹን ከመንከሩ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል። ሰፈር የሚያህል ነገር ሲነካማ፣ ጥያቄው መቅደም አልነበረበትም?