ተከራይህ ማን ነው?

ይፋግ ያደግኩበት ቤት ሁለት በር ነበረው፤ አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለመንገደኛ። ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ ማረፊያና የገበያ ቦታ ስለሆነች ሰው ማሳደር ልማድ ነው። እናቴ መታወቂያ ጠይቃ አታውቅም። «የማን ልጅ ነህ? ከወዴት ነህ?» ትላለች፤ መልሱ ካልጣማት «ዛሬ ቦታ የለኝም» ብላ ትሸኛለች።

እኔ አከራይ የሆንኩት በሌላ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፣ ምክንያቱ ወደ ታች ይገባችኋል። አራት ሰርቪስ ክፍል ሠርቼ አከራየሁና ባሕር ዳር ተቀመጥኩ። ኪራዩ በስልክ ይገባል፤ እኔ ቆርቆሮው ካላፈሰሰ በቀር አልሄድም። አንዷን ክፍል የያዘችው ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። እንጀራ እየጋገርኩ እሸጣለሁ ብላ ነበር የገባችው፤ ጤፉ ሲወደድባት ወደ አረቄ ዞረች። ቀን ቀን ሁለት ሦስት ሰው ይጠጣ የነበረው ቤት፣ ቆይቶ ሌሊት የሚጮህበት ሆነ።

«ልጄ፣ አንተ ብሩን ትበላለህ፣ እኛ እንቅልፍ አጥተናል» ብለው አንዲት አሮጊት ጎረቤት ደወሉልኝ። አፈርኩ። ይደረጋል ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ምንም ሳላደርግ ሁለት ወር አለፈ። ከዚያ አንድ ማታ ሁለት ጠጪዎች ተጣሉ፣ አንዱ እጁን በጩቤ ተወጋ፣ አጥሩም ተሰበረ።

በማግስቱ ሄጄ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። የተቀበለኝ ልጅ ትሑት ነው። «ጋሼ፣ ማታ መውጣት እንደማንችል እርስዎም ያውቃሉ» አለኝ። አውቃለሁ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለክልሉ የታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ጊዜው ካበቃ ቆይቷል፤ ሌሊቱ ግን እንደያኔው ነው። ቀጠለና ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ ሴትዮዋን ያስወጧት፣ የተከራዮቹን መታወቂያ ኮፒ ያምጡ፣ እግረ መንገድዎን እዚያ ቤት የሚጠጣው ማን ማን እንደሆነ ይጻፉልን።

ኮፒው ልክ ነው። በ2009 ዓ.ም. አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መመሪያም አከራይ የተከራዩን ማንነት በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ታዝዞ ነበር። ሰላም በሆነ ጊዜም ቢሆን ግቢው ውስጥ የሚያድረውን የማያውቅ አከራይ ማማረር የለበትም፣ እኔን ጨምሮ። ማስወጣቱ ላይ ግን እጄን ያሰረኝ የራሴ ስንፍና ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። የእኔና የእሷ ውል የቃል ነው። ምን ይዤ ፍርድ ቤት እቆማለሁ? የሴትን ዕቃ ከነልጇ መንገድ ላይ አውጥቶ መወርወር ደግሞ በእኛ አገር ነውር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በዚህ ዘመን የስም ዝርዝር ጽፎ መስጠት ምን እንደሆነ አንባቢዬ ታውቃላችሁ። ስሙ የተጻፈው ሰው ሊወሰድ ይችላል። ማን ጻፈው ብሎ በሌሊት የሚጠይቅም አይጠፋም። እነዚያ ጠጪዎች የአትክልት ደላሎች፣ ሾፌሮች፣ የቀን ሠራተኞች ናቸው።

በዚያን ሰሞን ስለ አዋጅ ቁጥር 47/1967 አብዝቼ አስብ ነበር። ደርግ ትርፍ ቤትን ሲወርስ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ቀበሌ አከራይም ጠባቂም ስለሆነ «ተከራይህ ማን ነው?» ሲል የሚጠይቀው ራሱን ነበር። ዛሬ አከራዩ እኔ ነኝ፣ የሚጠበቅብኝ ግን የቀበሌ ሥራ ነው። ፖሊስ ሌሊቱን ለእኛ ትቶ ወሬውን ለእሱ እንድናመጣለት መፈለጉ አይዋጥልኝም።

ኮፒዎቹን ሰጠሁ፣ ስም አልጻፍኩም። ልጁም ደግሞ አልጠየቀኝም፤ ምናልባት እሱም ወረቀቱን መያዝ ፈርቶ ይሆናል። ነገሩን የያዙት የእድር ሽማግሌዎች ናቸው። ሴትዮዋን፣ እኔን፣ የተወጋውን ልጅ አስቀምጠው ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ አረቄ እንዳይቀዳ ወሰኑ፤ አጥሩን እኔ እንዳሠራ፣ በወር አንድ ጊዜም መጥቼ እንድታይ ፈረዱብኝ። ተቀበልኩ።

እሷ ገበያው ሲቀንስባት ከአራት ወር በኋላ ራሷ ለቀቀች። ክፍሏን አሁን አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ይዟታል፣ በጽሑፍ ውል። የፈረመ ዕለት አሮጊቷ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ ውሉን ከምንም ሳይቆጥሩ፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት።