ስለ አንዲት የውርስ ሥዕል ግምት

ለወራሾች ሥዕል መገመት ዳኝነት መሆኑን ያወቅሁት በራሴ ስሕተት ነው። ስሕተትን መሰወር ሌላውን ማሳሳት ስለሆነ፥ ለቤተ ሰብ ምክር ይሆን ዘንድ ነገሩን እንደ ሆነው እጽፈዋለሁ።

ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላም ስኖር፥ የቡሬው አጐቴ ዐረፉ። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። ታላቋ አባታቸውን እስከ ዕለተ ሞት ያስታመሙና በዚያው ቤት የኖሩ ሲሆኑ፥ ሁለቱ ወንድሞቻቸው አንዱ በአዲስ አበባ፥ አንዱ በፍኖተ ሰላም ነው የሚኖሩ። ከውርሱም መካከል በመስተዋት የተሸፈነች አንዲት የፈረንጅ ሥዕል ነበረች። ዝሆኖች መድፍ ተጭነው ተራራ ሲወጡ ይታይባታል፤ ይኸውም በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር 44 ዝሆኖች ከህንድ አምጥቶ ወደ መቅደላ የዘመተበት ነው።

የአዲስ አበባው ታናሽ ወንድም፥ በ19ኛው መቶ ዓመት የምሥራቅን አገር ኑሮ የሣሉ፥ ኦሪየንታሊስት የሚባሉ ሠዓሊዎች ሥራ በውድ ዋጋ እንደሚሸጥ ሰምቶ ነበር። በእውነትም የቱርኩ ሠዓሊ ዑስማን ሐምዲ ቁርአን የምታነብ ልጃገረድ የሣለበት ሥዕል፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ለንደን ላይ በሐራጅ ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቷል። እኔም ስለ ሥዕል ጥቂት መጻሕፍት ያነበብሁ ስለሆንሁ ገማች ሆኜ ተጠራሁ። ቀለሙን በመስተዋቱ ላይ አየሁና «የእጅ ሥራ ነው፤ ዋጋው ከቤቱ ይበልጣል» ብዬ ተናገርሁ።

በዚህ ቃል ወንድሞች «እንግዲያስ ሥዕሉን እኅታችን ይውሰዱ፥ ቤቱ ለእኛ ይሁን» አሉ። እኅታቸውም የአባታቸው መታሰቢያ ነውና እሺ አሉ። ሽማግሌዎችም የውሉን ቀን ቈረጡ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ራቀኝ። ማልጄ ወደ ቡሬ ሄድሁና «እትዬ፥ ሥዕሉን ከክፈፉ አውጥቼ ልየው» አልኋቸው። «ምነው ወንድሜ፥ አይተህ አልነበረምን የተናገርኸው?» አሉኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ።

ሥዕሉ ሲወጣ በጀርባው የእንግሊዝኛ የኅትመት ፊደል ሞልቶበት ተገኘ። በአጕሊ መነጽር ባየውም፥ ከቀለሙ በታች ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ታዩኝ። የጋዜጣ ገጽ ነበር። በዚያ ዘመን እንደ ኢሉስትሬትድ ሎንዶን ኒውስ ያሉ ጋዜጦች ሠዓሊ ወደ ጦር ሜዳ ይልኩ ነበር፤ ወደ መቅደላው ዘመቻም ዊልያም ሲምፕሰን ተልኳል። የመጣውን ሥዕል በእንጨት ላይ አስቀርጸው በብዙ ሺሕ ያትሙታል። ቀለሙን ግን በኋላ ሌላ እጅ ቀብቶታል። እንዲህ ያለ ወረቀት ለሐራጅ ቢቀርብ ቤት ይቅርና በር እንኳ አያሠራም።

የተማረ ገማች አስቀድሞ ነገሩ ከምን እንደ ተሠራ ይመረምራል፤ በሸራ ላይ የተቀባ የዘይት ቀለም ነውን፥ የውሃ ቀለም ነውን፥ ወይስ ኅትመት? ሁለተኛም የማን እጅ እንደ ሆነ ፊርማውንና ሌላውን ሥራ አስተያይቶ ይጠይቃል። ሦስተኛ የደረሰበትን ጕዳትና እድሳት፥ አራተኛ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ያጣራል። በመጨረሻ መሰሉ በሐራጅ ያወጣውን ተመልክቶ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ይሰጣል። እኔ ግን ከመጨረሻው ጀመርሁ።

አራተኛው ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ ይከብዳል። ነገሥታት በዘመቻ ያስከትሉት፥ መኳንንትም በፊቱ ይምሉበት የነበረውን የኵርዐተ ርእሱን ሥዕል፥ የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከመቅደላ ወስዶ በቤቱ አኖረው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ለንደን ላይ ክሪስቲስ በተባለው የሐራጅ ቤት ተሸጠ። ተጫራች የሚከፍለው ሌላ፥ ባለቤቱ ያጣው ሌላ ነው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. ግን ከመቅደላ የተወሰዱ ዕቃዎች በእንግሊዝ አገር ለሐራጅ ሊቀርቡ ሲሉ፥ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ጥያቄ ከሽያጭ ወጥተው በኋላ ተመለሱ። በአገራችንም በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ጥንታዊ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ አስቀድሞ ሕጉን ይጠይቅ።

በውሉ ቀን በሽማግሌዎች ፊት ቆሜ «ግምቴ ሐሰት ነበር፤ በዚህ ውል እኅታችሁ ከቤታቸው ወጥተው የሚቀራቸው ወረቀት ብቻ ነው» አልሁ። ታናሹ ወንድም ፊቱን አጥቁሮ «ጋሼ፥ በእርስዎ ቃል ተማምኜ ለቤቱ ማደሻ ቆርቆሮ በዱቤ ገዝቻለሁ እኮ» አለኝ። እውነቱን ነበርና ከዕዳው እኩሌታውን ልከፍል ቃል ገባሁ። ቤቱ ለሦስት እንዲሆን፥ እኅትየውም በሕይወታቸው ሳሉ እንዲኖሩበት ተስማሙ።

ሥዕሉ ዛሬም በቦታው ተሰቅሏል። እትዬ ቡና አቅርበውልኝ «ዋጋው ማነሱ ደግ ሆነ፤ እንግዲህ የሚመኝብኝ የለም» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ፥ ነገር ግን አፈርሁ። በውርስ ጕዳይ ገማች ሆናችሁ የምትጠሩ ወገኖቼ፥ ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት ሥዕሉን ከክፈፉ አውጡት። ያላጣራችሁትንም «አላጣራሁም» ማለት አያሳፍራችሁ።