በር ጠባቂው ማንን ያስገባል?

አንኮበር ስሟን ያገኘችው ከበሯ ነው ይላሉ። በሸዋ ነገሥታት ዘመን ከአልዩ አምባ ገበያ ወደ ተራራው የሚወጣ ባዕድ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አያልፍም ነበር፤ በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስም ቢሆን በፈቃድ ነው የገባው። ከደብረ ብርሃን ወጥተን ያን ዳገት ስናይ፣ እኛ ኮምፒዩተር የምንማረው ልጆች በየድረ ገጹ የምናቆመው በር ጠባቂ አሳዘነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉን ራሱ አይጽፍም፤ ፎቶግራፍ የሚያሳንሰውን፣ ቅጽ የሚቀበለውን፣ ፕላጊን የሚባለውን ተቀጽላ ፕሮግራም ከሌላ ወስዶ ይቀጥላል። አንዳንዱ ተቀጽላ የሚከፍተውን ፋይል ስም ከጎብኚው ይቀበላል። ጎብኚው በፋይሉ ስም ፈንታ የሩቅ ሰርቨር አድራሻ ቢሰጠው፣ ፕሮግራሙ ከዚያ ያለውን ጽሑፍ አምጥቶ እንደ ራሱ ትእዛዝ ይፈጽመዋል። ሌባው መስኮት መስበር አላስፈለገውም፤ ባለቤቱ ሰሌን አንጥፎ ተቀብሎታል።

የፒኤችፒ ሠሪዎች በ1999 ዓ.ም. ባወጡት 5.2 እትም፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ከሩቅ አምጥቶ መፈጸምን ከለከሉ። በሩ ግን በዚህ አልተዘጋም። በ2003 ዓ.ም. ክረምት ማርክ ማውንደር የተባለ ሰው የገዛ ድረ ገጹ ተደፍሮበት ቢመረምር፣ ጥፋቱን በብዙ የዎርድፕረስ ገጾች ውስጥ ባለው ቲምተምብ በተባለ ፎቶ አሳናሽ ላይ አገኘው። ቲምተምብ ፎቶ እንዲያመጣ የተፈቀደለት ከታወቁ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የሚመረምረው እንደ ብሎገር ያለ ስም በአድራሻው ውስጥ መኖሩን እንጂ አድራሻው የማን መሆኑን አልነበረም። የደጃዝማቹን ሰዎች አስገባ የተባለ ዘበኛ፣ «የደጃዝማቹ ጠላት ነኝ» ያለውን ሰው፣ ደጃዝማች የሚል ቃል ስለ ሰማ ብቻ ቢያሳልፈው ማለት ነው!

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ያን ጊዜ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፣ ከግብፅ የተነሡ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ ገጾች ላይ ጥቃት እንደ ሞከሩ አስታውቋል፤ በአንዳንዶቹም ላይ ስለ ዓባይ ዛቻ ተለጥፎ ታይቷል። የተለጠፈ ዛቻስ ይታያል፤ እኛን ይልቅ የሚያስፈራን ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ ስምና ስልክ የሚገለብጠው ነው።

ስሙን ወደማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን፣ የገጻችሁ ተቀጽላ ለዓመታት አልታደሰም ብንላቸው፣ «ገጹ ይከፈት የለም እንዴ?» ብለው በትሕትና ሸኙን። አሁን ደብዳቤ ጽፈናል፦ የማይሠራበት ተቀጽላ ይነሣ፣ የቀረው ይታደስ፣ የሚከፈተውም ፋይል አስቀድሞ ከተጻፈ ዝርዝር ብቻ ይመረጥ። ቅዳሜ ይዘነው እንሄዳለን፤ ማኅተም የሚያስመታልን ሰው ካላችሁ ንገሩን።