ነቀምቴ ዙሪያ ቀላል የሚባል መንገድ

ከአዲስ አበባ ልጆች ጋር ሃይኪንግ የወጣ ሰው ዝርዝሩን በቃሉ ያውቀዋል። እንጦጦ፣ የረር፣ መናገሻ ሱባ፣ ትንሽ ራቅ ካለ ወንጪ። ጓደኞቼ አዲስ ቦታ ሲፈልጉ «ለምን ነቀምቴ አንሄድም?» ስላቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዛ ዝም ይላሉ። ዝምታው ይገባኛል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ «ወለጋ» የሚለው ስም አዲስ አበባ ላይ በብዛት የሚሰማው በዜና ነው፤ ዜናውም ስለ ውጊያ፣ ስለ ሞት፣ ስለ መፈናቀል ነው።

እኔ ግን ያደግኩት እዛ ነው። ወለጋ ሲባል ቀድሞ የሚመጣብኝ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር ሽታ ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዓለም የቡና ገበያ «ለቀምቲ» የሚባለው ቡና ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ ነው። ከመሃል ከተማ ተነስታችሁ በየትኛውም አቅጣጫ ግማሽ ሰዓት ብትሄዱ ወይ እየወጣችሁ ነው፣ ወይ እየወረዳችሁ። ግን ዳገቱ አያስፈራም። የወለጋ ከባዱ ተራራ ቱሉ ወለል ነው፤ እሱ ደምቢ ዶሎ አካባቢ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ይዘልቃል። ነቀምቴ ዙሪያ ያሉት ጋራዎች ተማሪ ደብተሩን ይዞ፣ እናቶች ዘንቢል አንጠልጥለው በየቀኑ የሚሻገሯቸው ናቸው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼን በወሬ ከማሳመን ይልቅ አንድ ትንሽ አፕ ልሥራ አልኩ፤ በነቀምቴ ዙሪያ ቀላል የእግር መንገዶችን የሚያሳይ። ለእያንዳንዱ መንገድ አራት ነገር ይመዘገባል፦ ርዝመት፣ ዳገት፣ የሚወስደው ጊዜ፣ ክብደቱ። ክብደቱ «ቀላል»፣ «መካከለኛ» ወይም «ከባድ» ተብሎ ይሞላል። ሦስቱ ከጂፒኤስ ይገኛሉ፣ አራተኛው ከሦስቱ ይሰላል። በቃ።

ለስሌቱ የቆዩ ቀመሮች አሉ። ዊሊያም ናይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው አሁንም ይሠራል፤ በግርድፉ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር ይላል። ከ100 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዋልዶ ቶብለር የተባለ የጂኦግራፊ ሊቅ ፍጥነትን ከመንገዱ ዘንበል ማለት ጋር የሚያያይዝ ቀመር ጻፈ። የሱ ደስ የሚለው ነገር ሰው በጣም የሚፈጥነው ሜዳ ላይ አይደለም ማለቱ ነው፤ በስሱ ቁልቁል ሲሆን፣ 3 ዲግሪ ገደማ፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዛ በላይ ቁልቁል ከሆነ ጉልበት ፍሬን መያዝ ይጀምራል።

የመጀመሪያውን መንገድ ለመለካት የሄድኩት ከአክስቴ ጋር ነው። አዳዳ ነው የምላት፤ የአባቴ እህት ናት፣ ስድሳውን አልፋለች። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በጉቴ አቅጣጫ፣ ኮምቶ የሚባል የተፈጥሮ ጫካ አለ። እስከ ከተማው ዳር በባጃጅ፣ ከዛ በእግር። ደርሶ መልስ 9 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 250 ሜትር። ናይስሚዝ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ አለ። እኛ 4 ሰዓት ፈጀብን።

አዳዳ ቀርፋፋ ሆና አይደለም፤ ዳገቱ ላይ እኔ ነበርኩ የማለከልከው። ጊዜውን የወሰደው ሰላምታ ነው። የምናገኘውን ሰው ሁሉ ትቆምለታለች። እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ ሰብሉስ፣ ሰፈሩ ሰላም ነው? እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ሦስተኛው ሰው ላይ ግን ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ለካ ጨዋታው ውስጥ ሌላ ጨዋታ አለ። ከወዲያ ማዶ ማን መጣ? ትናንት ማታ ድምፅ ነበር? ጫካው ዳር ያለው መንገድ ሰው እየሄደበት ነው? ከላይ ለሚመጣው ደግሞ እሷ ከታች ያለውን ትነግረዋለች።

ስለ መንገዱም የምታውቀው ነገር ከቀመሩ ጋር ይገናኛል፣ ከዛም ያልፋል። ሁለት መንገድ ሲገጥመን «አህያዋ የሄደችበትን ያዝ» ትለኛለች። የተጫነች አህያ በቀጥታ አትወጣም፤ ዳገቱን እየዞረች፣ እየቀነሰች ነው የምትወስደው። ቶብለር በሒሳብ ያገኘውን አህያዋ በእግሯ ታውቀዋለች። ክረምቱን ግን ሁለቱም ቀመሮች አያውቁትም። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ በሐምሌ ቀዩ አፈር እንደ ሳሙና ያዳልጣል፣ «ቀላል» የተባለውም ቁልቁለት በቂጥ የሚወረድ ይሆናል።

ከጫካው ስንገባ ብርሃኑ ተቀየረ። ብሳና፣ ዶቅማ፣ ጥቁር እንጨት፤ አዳዳ አንድ በአንድ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጠራች አሳየችኝ። ዳሩ ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሏል፣ ውስጡ ግን ገና የድሮው ነው። ከአንድ ቦታ በኋላ ቆመችና «ከዚህ እንመለስ» አለች። ስልኬ ላይ ያለው መስመር ገና 600 ሜትር ይቀረዋል። ዳገት የለም፣ መንገዱም ሰፊ ነው። «ምን ችግር አለው አዳዳ?» አልኳት። «ዛሬ ከዛ በኩል የመጣ ሰው አላየሁም» አለችኝ። በቃ፣ ተመለስን።

ይቺን ዓረፍተ ነገር የትኛው ሳጥን ውስጥ ላስገባት?

ወለጋ ውስጥ መንገድን የሚያከብደው ዳገት ሆኖ አያውቅም። ኦነሲሞስ ነሲብን አስቡ። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ፤ ወደ ኦሮሞ ምድር ለመመለስ በሱዳን በኩል ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም እንኳ ገና በውጭ ነበር። ነቀምቴ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ ነፃ በወጣ በ34 ዓመቱ። ያቆየው ርቀቱ ሳይሆን የመንገዱ መዘጋት ነው።

በእኛም ዘመን ተዘግቶ ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. ምዕራብ ኦሮሚያ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ሲቋረጥ እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጬ ኮድ እጽፍ ነበር። ከአዳዳ የሚመጣልኝ ወሬ ከነቀምቴ በመጣ ተሳፋሪ አፍ ነበር፣ ሲገኝ። ቀን በቀን የምሠራው ማሽንን ከማሽን ማገናኘት ነው፤ አክስቴ ደህና አድራ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አፑ ውስጥ «ቀላል» ብዬ ጽፌ መቆለፍ አልቻልኩም። መንገዱ ዛሬ ቀላል ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ልጅ በወሩ አፑን ከፍቶ፣ ቃሉን አምኖ ብቻውን ቢሄድስ? ከዛ ደግሞ የሰው ደጅ ነው። ስልኩን ከፍ አድርጎ በጓሮ የሚያልፍ እንግዳ፣ በዚህ ጊዜ፣ ለባለቤቶቹም አይመችም። በሌላ በኩል መስመሮቹን ማጥፋትም አልፈለግኩም። ካጠፋኋቸው ወለጋ ዜናው ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው።

ያደረግኩት ይሄ ነው፦ ርዝመቱን፣ ዳገቱንና ሰዓቱን ተውኩ። አራተኛውን ሳጥን ባዶ አድርጌ «ጠዋት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ያዙ» የሚል ጻፍኩበት። የሥራ ባልደረቦቼ ይሄ ዳታ አይደለም አሉኝ። ለእኔ ግን አፑ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው። ኦሮምኛ ለተጓዥ የሚመርቀው «ካራ ነጋ» ብሎ ነው፣ የሰላም መንገድ። ሜዳ ይሁንልህ አይልም።

ለማንኛውም፣ ለምትመጡ፦ የመጀመሪያውን ቀን ከከተማው አትውጡ። የወለጋ ሙዚየምን እዩ፣ ከዛ የለቃ ነቀምቴ ገዢዎች መኖሪያ ወደነበረው ወደ ኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት በእግራችሁ ሂዱ። ሁለተኛው ቀን የኮምቶ ነው፣ መንገዱ ደህና ከተባለ። ወደ ጊምቢ ያለውን የዲዴሳ ቁልቁለት በእግር አትሞክሩት፤ ታች ሙቀቱ ሌላ ነው፣ መመለሻውም ረጅም ነው። እሱን በመኪና መስኮት እዩት። በጥቅምትና በኅዳር ኑ፤ ጭቃው ደርቆ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። ናይስሚዝ የሰጣችሁን ሰዓት ደግሞ በሁለት አባዙት፣ ለሰላምታ።