ወደ ታች የተደፋው ጽሑፍ

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ፣ ከአንድ መኖሪያ ቤት ጎን ባለች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተሠራች ሙስታንግ ማክ 1 ቆማለች። ባለቤቷ ለረጅም ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ የነዱ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ ኢትዮጵያዊ ናቸው። ሙስታንግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በልጅነታቸው አስመራ ውስጥ፣ በቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካውያን ሲነዱ ነው። ኋላ አዲስ አበባ ላይ የለመዱት ሙያ ግን የፊያት ጭነት መኪና ጥገና ነበር፤ ሙስታንጓ ሕልም ሆና ቆየች።

ሞተሯን ከሃያ ሁለት ዓመት ልጃቸው ጋር ሲያድሱ ከረሙ። 351 ዊንድሶር ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከዲትሮይት ወንዝ ማዶ ካለችው የካናዳዋ ዊንድሶር ከተማ ነው። ስምንቱ ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በሁለት ወገን ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ ቴስታታውም ሁለት ነው። አንዱን ወገን አባት፣ ሌላውን ልጅ ገጠመ። ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግን የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ጫፉ ተጠጋ፤ ውሃውም ገነፈለ።

በአስመራና በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ዳገት ላይ የሚጨስ ራዲያተር ለደጋ ሾፌር ብርቅ አይደለም። አሌክሳንድሪያ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም አትርቅም። በደህና ክዳን የታፈነ፣ ከፀረ በረዶ ፈሳሽ ጋር እኩል የተደባለቀ ውሃ እዚያ ከ120 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። እዚያ ማፍላት ማለት አንድ ከባድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

አባት በመጀመሪያ ራዲያተሩን በውድ አዲስ አልሙኒየም ለወጡት። ሳይመረምሩ ዕቃ መለወጥ የብዙ ጋራዦች አመል ነው፤ እሳቸውም ከዚህ አላመለጡም። ምንም አልተለወጠም። ምርመራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። መኪና ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ብቻ የምትሞቅ ከሆነ የሚጠረጠረው የአየር እጥረት ነው፤ ማራገቢያው ወይም መከለያው። በአውራ ጎዳና ፍጥነት ብቻ ከሆነ ደግሞ ውሃው እንደልቡ አልዞረም፤ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይም የታችኛው ቱቦ በፖምፓው ስበት ተጣብቋል። ይህችኛዋ ቆማም ሮጣም ትሞቃለች።

ልጁ ቴርሞስታቱን በድስት ውሃ ውስጥ ነክሮ ምድጃ ላይ ጣደው፤ በሚገባው በ82 ዲግሪ አካባቢ ተከፈተ። የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውሃው ሾልኮ ከሆነ ቢጫ የሚሆነው ሰማያዊ ፈሳሽም ቀለሙን አልለወጠም። የካንዴላው እሳት ከዘገየ ቃጠሎው እስከ ጭስ መውጫው ይዘልቅና ቴስታታውን ያግላል፤ ይህንንም አዩ። በፊተኛው ፑሊ ላይ ያለው ምልክት እንኳ አልታመነም፤ የፑሊው የውጭ ቀለበት በላስቲክ የተያያዘ በመሆኑ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ተንሸራቶ ሊዋሽ ይችላልና፣ የፒስተኑን ከፍተኛ ቦታ በእጅ ፈልገው አረጋገጡ። ምልክቱ አልዋሸም።

ትዕግሥት እያለቀ ሲሄድ ጥፋተኛ መፈለግ ተጀመረ። መጀመሪያ ሲሊንደሩን የፋቀው ባለሙያ ግድግዳውን አሳሳው ተባለ። ቀጥሎ ተራው የልጁ ሆነ።

«ቡሎኑን እንደ ነገርኩህ አላጠበቅኸውም።»

«እንደ ነገርከኝ ነው ያጠበቅሁት፣ አባዬ።»

ለሁለት ሳምንት ያህል ጋራዡ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ብዙም አልተነጋገሩም።

ልጁ አንድ ምሽት ሳይነካ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ተውሶ መጣና ሁለቱን ቴስታታዎች ከፊት እስከ ኋላ ለካ። የራሱ ወገን ብዙም አልተለያየም። የአባቱ ወገን የኋላ ጫፍ ግን ከፊቱ እጅግ ይግል ነበር። በዚህ ሞተር ፖምፓው ውሃውን ከፊት ያስገባል፤ ውሃው በብሎኩ ውስጥ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ከኋላ ወደ ቴስታታው ወጥቶ፣ ሁሉን እያቀዘቀዘ ወደ ፊት ይመለሳል። ይህን መንገድ የሚያስይዘው የቴስታታው ጋስኬት ነው። ተገልብጦ ከገባ ውሃው ገና ከፊት ወደ ላይ ይወጣና አቋርጦ ይመለሳል፤ ኋለኞቹ ሲሊንደሮች ይጠማሉ።

ጋስኬቱ ላይ «ፊት» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ታትሞበታል። ሁለቱ ወገኖች እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው፤ ጋስኬቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ቃሉ በሁለቱም በኩል ወደ ፊት እንዲውል፣ የአንዱ ወገን ጽሑፍ ወደ ታች መደፋት አለበት። መደፋት የነበረበት የአባት ወገን ነበር። «የሚጻፍ ነገር የሚጻፈው እንዲነበብ ነው» ብለው የራሳቸውን ጽሑፍ ወደ ላይ አደረጉት፤ ቃሉ የትኛው ጫፍ ላይ እንደ ዋለ ልብ አላሉም። ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ የተሰለፉበት ሞተር ላይ ያደገ እጅ ይህን የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም።

ሞተሩን ሳይፈቱ ማወቂያ አለ። የጋስኬቱ አራት ማዕዘን ጫፍ ከፊት በኩል፣ በብሎኩና በቴስታታው መካከል ብቅ ብሎ መታየት አለበት። በልጁ ወገን ይታያል። በአባትየው ወገን የለም። ልጁ እጁን ወደ ኋላ ሰደደና በጣቱ ዳበሰ።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ነው።»

አባት መልስ አልሰጡም። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወደ ቤት ገቡ።

በማግሥቱ ልጁ ሲነሣ ውሃው ተቀድቷል፤ ቴስታታው ወርዷል፤ አዲስ ጋስኬት ከነማሸጊያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «ና፣ ይህን አንተ አስቀምጠው» አሉት። ልጁ አስተካክሎ ሲያስቀምጠው የእጅ ባትሪ ይዘው አበሩለት። በዚያ ሳምንት ቅዳሜ፣ በቀለበት መንገዱ ላይ ቀስቱ ከመሃል ሳያልፍ ሁለት ጊዜ ዞሩ። የድሮው ራዲያተር ጋራዡ ጥግ ቆሟል፤ አንዳች እንከን አልነበረበትም።