ሽጉጡን ልሽጠው ወይስ ላቈየው?

ዕቃ በሰው እጅ ብዙ ዘመን ሲቈይ ዕቃነቱ እየቀረ ወደ ጓደኝነት ይጠጋል። ስለዚህ የቈየ ዕቃውን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ሒሳቡን በሁለት መዝገብ ይይዛል፤ በአንደኛው የገበያው ዋጋ፣ በሁለተኛው የልቡ ዋጋ ተጽፏልና ሁለቱ ድምር ከቶ አይገጥሙም። በዚህ ዓመት እኔን ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይህ ነበር፤ አጋዘን የማድንበትን ሽጉጥ ሸጬ በሌላ ልለውጠው ወይስ እንደ ያዝሁት ልኑር? ነገሩ ለአንባቢ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የአንድ ፍጡር አሟሟትና የአንድ ሰው እርጅና በውስጡ አሉበትና በመጠኑ ልተርከው ፈቀድሁ።

በሽጉጥ ማደን ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር ነው። በእኛ ዘንድ ሽጉጥ የወገብ ጌጥና የራስ መከላከያ እንጂ የአደን መሣሪያ አይደለም። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ግን ሽጉጥን መርጠው ወደ ዱር የሚወጡ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱም ሽጉጥ እንደ ጠመንጃ ከሩቅ ስለማያደርስ አዳኙ በእግሩና በትዕግሥቱ ወደ አውሬው እንዲቀርብ ያስገድደዋል። ይህን ልማድ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ኤልመር ኪት ነው፤ እርሱም ከ1899 እስከ 1984 ዓ.ም. የኖረ፣ በአይዳሆ ከብት ያረባ የነበረ አዳኝና ጸሐፊ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ)። በ1907 የወጣውን 44 ስፔሻል የተባለውን ጥይት ባሩዱን እያበዛ ብዙ ዘመን ሲሞክርና ፋብሪካዎችን ሲወተውት ኖሮ፣ በ1955 44 ማግነም የተባለው ብርቱ ጥይት ወጣ።

የእኔ ሽጉጥ ለዚሁ ጥይት የተሠራ፣ በ1959 የወጣው ሩገር ሱፐር ብላክሆክ ነው። ስድስት ጎራሽ ነው፤ አፈ ሙዙ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ከሩብ ያልፋል። በተኰሱ ቍጥር መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ መቀሰር የግድ ነው። ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት የሸጠልኝ አንድ ሽማግሌ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። በቨርጂኒያ ምዕራብ ባለው በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ውስጥ የአጋዘንን ዱካና የነፋስን አቅጣጫ ያስተማረኝ እርሱ ነው። ዛሬ በሕይወት የለም። የእጀታው እንጨት በእርሱ መዳፍ ለዝቦ፣ ኋላም በእኔ መዳፍ ለዝቦ አሁን የማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ሸክሙ በዚህ ብቻ አላበቃም። በሸዋ ገጠር በአባቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ውጅግራ ተሰቅሎ ነበር። ይህ ፈረንሳዮች በ1874 የሠሩት ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፉዚል ግራ» ከሚለው ቋንቋቸው የመጣ ነው። በ1896 በዓድዋ ጦርነት ከወገኖቻችን ጋራ ከዋሉት መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነበር። አንድ ጎራሽ ስለ ሆነ ከአንዱ ተኵስ በኋላ ቀለሁን አውጥቶ ሌላ ማጕረስ ያስፈልጋል። አባቴ፣ «አንድ ጎራሽ የያዘ ሰው አሳቡን ሳይጨርስ አይተኵስም» ይለን ነበር። ያ ጠመንጃ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ወዲህ አልጮኸም፤ ቢሆንም ማንም ልሽጠው አላለም። እኔም ሽጉጤን ለመሸጥ ባሰብሁ ጊዜ ያ ግድግዳ በፊቴ ይቆማል።

ለመሸጥ ያሳሰበኝ እጄ ነው። ቍርጥማት አንጓዬን ከያዘው ሦስት ዓመት ሆነው። ብርቱው ጥይት ሲተኰስ እጀታው በመዳፍ ውስጥ ወደ ላይ ይንከባለላል፤ ሥቃዩን የለመደ እጅም ምላጩ ገና ሳይሳብ አስቀድሞ ይደነግጣል። ባለፈው ኅዳር አንድ ወንድ አጋዘን በአርባ ሜትር ያህል ርቀት ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። አነጣጠርሁ፤ ነገር ግን እጄን አላመንሁትምና አፈ ሙዙን ዝቅ አድርጌ በሰላም እንዲሄድ ተውሁት።

ከዚያ በኋላ መሣሪያ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድሁ። ነጋዴውም ለአሮጌው ደኅና ዋጋ ነገረኝና በለውጡ በ1935 ለወጣው ለ357 ማግነም ጥይት የተሠራ አዲስ ሽጉጥ አሳየኝ። እርሳሱ ቀላል ነው፤ እጀታው ጎማ ነው፤ መልኩም ያምራል። አንድ ወዳጄም፣ «ዕቃ ያገለግላል እንጂ አይገዛም፤ ሽጠው» አለኝ። ሽያጩም ቢሆን አስቸጋሪ አልነበረም፤ በቨርጂኒያ በ2020 ሐምሌ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ መሣሪያ ከሰው ወደ ሰው ሲሸጥ የገዢው ያለፈ ታሪክ በመንግሥት እንዲመረመር ያዝዝ ነበርና፣ ወንጀለኛ እጅ እንዳይገባ የምሰጋው ሥጋት በጥቂቱ ይቀልልኝ ነበር።

እንግዲህ ሻጭና ገዢ ብቻ ቢሆኑ ጉዳዩ ባለቀ ነበር። ነገር ግን በዚህ ገበያ ውስጥ አፍ የሌለው ሦስተኛ ወገን አለ፤ እርሱም አጋዘኑ ነው። የእኔ ትዝታም ሆነ የአዲሱ ዕቃ ውበት ለእርሱ ምኑም አይደለም። ለእርሱ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እርሳሱ ልብና ሳንባው ባለበት ቦታ ይገባልን? ከገባ ሞቱ ፈጣን ነው፤ ካልገባ ግን ቈስሎ በጫካ ውስጥ ሲማቅቅ ያድራል። የቤታችን ውጅግራ ከሽጉጤ የሚለይበትም ይህ ነው። የተሰቀለው ጠመንጃ መታሰቢያ ነው፤ ከመታሰቢያም ማንም ሥራ አይጠብቅበትም። ወደ ዱር የሚወጣ መሣሪያ ግን በሥራው ሊመዘን ይገባዋል።

ስለዚህ ፍርዱን ከልቤም ከነጋዴውም ነጥቄ ለዒላማው ሰጠሁት። የነጭ ጭራ አጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ስፍራ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነውና አዳኞች በወረቀት ሳሕን ይለማመዳሉ፤ ጥይታቸው ሁሉ በሳሕኑ ውስጥ የሚያርፍበት ርቀት የአደናቸው ወሰን ነው። ሳሕኑን በ25 ሜትር አቆምሁ። በሙሉው ማግነም ከስድስቱ ሦስቱን አገባሁ። በተኵስ መለማመጃው ቦታ ተከራይቼ በሞከርሁት በ357ቱ አራት አገባሁ፤ ድምፁ ስለታም ነውና እርሱም ያስደነግጣል። በመጨረሻ ለአሮጌው ሽጉጥ ለስላሳ ጥይት አጐረስሁት። 44 ስፔሻል ከማግነሙ በርዝመት ጥቂት ያንሳል እንጂ በውፍረት አንድ ስለ ሆነ በዚያው ሽጉጥ ይተኰሳል። ስድስቱም ሳሕኑ ውስጥ ገቡ።

ሆኖም ሕጉም ይጠየቃል። ቨርጂኒያ አጋዘን የሚታደንበት የሽጉጥ ጥይት ከአፈ ሙዝ ሲወጣ ኀይሉ ከ350 ፉት ፓውንድ እንዳያንስ ታዝዛለች፤ አንድ ፉት ፓውንድ ማለት አንድ ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ ያህል ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ኀይል ነው። የቀድሞው ልማደኛ 44 ስፔሻል 310 ያህል ብቻ ነውና ለዒላማ እንጂ ለአደን አይሆንም። ሙሉው ማግነም ከ700 ያልፋል። በሁለቱ መካከል ግን ከ400 ጥቂት የሚያልፍ ጥይት ስላለ በእርሱም ሞከርሁ፤ በ25 ሜትር ስድስቱም ገቡ፣ በ45 ሜትር ግን አራቱ ብቻ።

አልሸጥሁትም። ያልሸጥሁት ስለ ወዳጄ ትዝታ ብዬ አይደለም፤ አዲሱ ሽጉጥ በሳሕኑ ፊት ቢበልጥ ኖሮ እያዘንሁም ቢሆን በለወጥሁት ነበር። ይልቁንም ለራሴ ሁለት ነገር ደነገግሁ። አንደኛ፣ ከእንግዲህ ወሰኔ 25 ሜትር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የቆመ አጋዘን ምንም ቀንዱ ቢያምር የእኔ አይደለም። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ከኅዳር በፊት ስድስት ጥይት በሳሕኑ ላይ እተኵሳለሁ፤ አንዲቱ እንኳ ከውጭ ካረፈች በዚያ ዓመት ወደ ደን አልወጣም።

«ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ይባላል። በገበያ የሚለወጥ ሽጉጥ ሞልቷል፤ የሚለወጥ እጅ ግን የለም። አንባቢ ሆይ፣ ስድስቱን ማግባት የማልችልበት ዓመት መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ጊዜ ሽጉጡን ከእኔ ለሚበረታ እጅ እሸጠዋለሁ፤ በዋጋውም ሌላ ሽጉጥ አልገዛበትም።