የፊት ፖርቶመጋላ በፌሮ ቁራጭ

ወዳጆች፣ ከቢስቲማ ተነስቼ በሐይቅና በደሴ አድርጌ ኮምቦልቻ በሳይክል ልወርድ ስለሆነ የፊት ፖርቶመጋላ አስገጠምኩ። ጭነቱ ሁሉ ከኋላ ሲሆን ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው ይዋልላል።

የተዘጋጀውን መግዣ ስለሌለኝ የፌሮ ቁራጭ ይዤ በያጅ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ጎማውን የሚይዘው ሹካ ላይ ሊበይዱት አሰቡ።

«ኧረ ጋሼ አይሆንም! ሹካው በእሳት ከደከመ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጥርሴን ነው የምለቅመው» አልኳቸው።

«አብሽር!» ብለው ሳቁ። የፌሮውን እግሮች ጫፍ ቀለበት አድርገው በጎማው ዘንግ ዳዶ አሰሩልኝ። ላይኛውን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልለን በብሎን አጠበቅነው።

የምትሞክሩ ካላችሁ፦ ዕቃውን ዝቅ አድርጋችሁ ግራና ቀኝ እኩል ጫኑ። ከመንዳታችሁ በፊት መሪውን ዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ የፍሬን ሽቦው እንዳይያዝ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብሎኑን ድጋሚ አጥብቁ። ልኬቱን የሚፈልግ በኮሜንት ይንገረኝ።